እያስተማሩ መማር፦ የልዩ ፍላጎት መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ሲጀምር ምን ይጠብቀዋል?

ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ የልዩ ፍላጎት መምህር ከባልደረቦቹ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ለእርከንና ለደመወዝ ነው፤ ቶሎ ጨርሰህ ወረቀቱን ያዝ» የሚል ነው። ሌላው «ይህን ያህል ዓመት ከልጆቹ ጋር የዋለን ሰው ዩኒቨርሲቲ ምን ያስተምረዋል?» ብሎ ነገሩን ያጣጥላል። የመጀመሪያው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በብዙ አገሮች የመምህር ደመወዝ ከትምህርት ደረጃው ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ግን ተራ ማጣጣል ቢመስልም ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል እሱን ለመመለስ የሚሞክር ነው።

አስቀድሞ ግን ሰው ሁሉ የሚያምታታውን፣ ገንዘብም ጊዜም የሚያስበላውን አንድ ነገር እናጥራ።

## ዲግሪ፣ የማስተማር ፈቃድና የሙያ ምስክር ወረቀት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተማሪው የተወሰነ ትምህርት በሚፈለገው ደረጃ ማጠናቀቁን ይመሰክራል። የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ወይም መንግሥት የወከለው አካል ነው፤ ይህ ሰው በዚህ መስክ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ማስተማር ይችላል ይላል። የሙያ ምስክር ወረቀት ደግሞ አንድ የሙያ ቦርድ ወይም ማኅበር ለተለየ ችሎታ የሚሰጠው ነው። ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚያስገኝ ፕሮግራም አለ። ዲግሪውን ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብትም ሞልቷል። በተለይ በሌላ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የሚሰጠው ፕሮግራም «ፈቃድ ያስገኛል» ሲል፣ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ቦታ ብቻ የሚሠራ ፈቃድ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

የአገሮች ልምድ ነገሩን ያሳያል። በፊንላንድ ማስተርስ ዲግሪ የመምህርነት መነሻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መምህር የሆነ ሰው የልዩ ፍላጎት መምህር ለመሆን ሲፈልግ ሌላ ሙሉ ዲግሪ አይጠየቅም፤ 60 የአውሮፓ ክሬዲት (የትምህርት መጠን መለኪያ) የሚይዝ ራሱን የቻለ ሥልጠና መውሰድ ይችላል። በእንግሊዝ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ትምህርት አስተባባሪ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ለዚህ ኃላፊነት ለዓመታት ይጠየቅ የነበረው በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ሲሆን፣ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብሔራዊ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ተተክቷል። የባህሪ ተንታኞችን፣ ማለትም የሰውን ባህሪ ምክንያት እያጠኑ ለመለወጥ የሚሠሩ ባለሙያዎችን፣ የሚመሰክረው የአሜሪካው ቦርድ ደግሞ ማስተርስ ዲግሪ ብቻውን አይበቃውም። በባለሙያ ክትትል የሚሠራ እስከ 2,000 ሰዓት የሚደርስ ልምምድና ፈተና ይጨምርበታል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከጥቂት አገሮች በስተቀር ከሌላው ዓለም አዲስ አመልካች መቀበል አቁሟል። ይህን ሳያጣራ ለቦርዱ የሚያበቃ ኮርስ ነው ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዕውቀቱን ያገኛል፤ ማዕረጉን ግን አያገኝም።

## የልዩ ፍላጎት መምህር ከሌላው የበለጠ ትምህርት የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

ሥራው ስለተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ ነጻና ተገቢ ትምህርት እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ለእያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ የሚዘጋጀው የግል የትምህርት ዕቅድም ከዚያ ሕግ ጋር መጣ፤ ኋላ በብዙ አገሮች በተለያየ መልክ ተስፋፋ። በ1994 በስፔን ሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጅ ማስተናገድ አለባቸው ብለው ተስማሙ። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 መንግሥታት አካቶ ትምህርትን እንዲያረጋግጡ፣ የምልክት ቋንቋና ብሬይል የሚችሉ መምህራንን፣ ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑትን ጨምሮ፣ እንዲቀጥሩ ግዴታ ጣለባቸው።

ቀድሞ የልዩ ፍላጎት መምህር በአብዛኛው ለብቻው በተከለለ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓይነት ጉዳት ያላቸውን ልጆች ያስተምር ነበር። ዛሬ ያው መምህር ጠዋት ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጋር ይውልና ከሰዓት በኋላ የሒሳብ መምህሯ ማንበብ ለተቸገረ ተማሪ ጥያቄውን እንዴት እንደምታቀርብ ያማክራታል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የላከውን የፈተና ውጤት አንብቦ ለወላጅ ያስረዳል። ስብሰባ ይመራል። የረዳት መምህራንን ሥራ ይከታተላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ሥልጠናው ለዚህ ሁሉ አላዘጋጀውም።

በዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ጥያቄውን አከበደው። በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ባቀረቡት ክስ ላይ ሲወስን፣ የልጁ ዕቅድ ከምንም ይሻላል የሚባል ጥቅም ማስገኘቱ አይበቃም፤ ከልጁ ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ እድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት አለ። እድገት አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በመምህሩ ግምት ብቻ የሚመለስ አይደለም።

## ዓመታት ያስተማረ ሰው ታዲያ ገና ምን ይማራል?

ልምድ የሚሰጠውን ነገር ማንም ኮርስ አይሰጥም። የልጁን ፊት ዓይቶ ሊነሳ ያለውን ረብሻ አስቀድሞ ማወቅ፣ የተቆጣ ወላጅን ማብረድ፣ በጩኸት መሐል አለመደናገጥ፣ እነዚህ በሥራ የሚገኙ ናቸው። ልምድ የማይሰጠው አንድ ነገር ግን አለ። ልጁ የተሻሻለው እኔ ባደረግሁት ነገር ነው ወይስ በጊዜ ብዛት? ልጆች ያድጋሉ። አንዳንዱ ችግር ጊዜ ራሱ የሚፈታው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መምህሩ እየረዳሁ ነው ብሎ በሚያደርገው ነገር ይብስበታል። ትኩሳትን ግንባር በመዳሰስ የሚገምት ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ትናንት ከዛሬ በስንት እንደበለጠ ግን ቴርሞሜትር ሳይኖረው ማወቅ አይችልም። ጥሩ የማስተርስ ፕሮግራም ለመምህሩ የሚሰጠው ዋናው ነገር ቴርሞሜትሩን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መጽሐፉን ይወረውራል፣ ይጮኻል። መምህሯ ረዳቷን ጠርታ ወደ ኮሪደር ታስወጣዋለች። ልጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ዘዴው ሠርቷል። ችግሩ በማግስቱም፣ በሳልስቱም ያው መደገሙ ነው።

በባህሪ ትንተና ኮርስ ላይ የሚሰጣት የመጀመሪያ አሳይንመንት የልጅ ሥራ ይመስላል፦ ለሁለት ሳምንት፣ ልጁ በጮኸ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፊ። ልክ ከመጮኹ በፊት ምን ሆነ፣ እሱ ምን አደረገ፣ ልክ ከዚያ በኋላ ምን ተከተለ። ፍርድ አይጻፍም። «ተናደደ»፣ «አኮረፈ»፣ «እልህ ያዘው» የሚል ቃል ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ የሚጻፈው የታየው ብቻ ነው። «ሰኞ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ። ‹ተራህ ነው፣ አንብብ› ተባለ። መጽሐፉን ወረወረ። ወደ ኮሪደር ወጣ።» መጻፉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው በዚያ ግርግር መሐል ብዕር ማንሳቱ ነው።

ቅጹ ሲሞላ መልኩ ይወጣል። ልጁ ታሪክ ሲነበብለት አንድም ቀን አልጮኸም። ሒሳብ ላይም አልጮኸም። የሚጮኸው ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብ ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፦ ከንባቡ መገላገል። መምህሯ ቅጣት ነው ያለችው ኮሪደር ለልጁ ሽልማት ኖሯል። እሷም ብትሆን የራሷን ሽልማት በየቀኑ ትቀበላለች፤ ጸጥታውን። ሁለቱ ሳያውቁት አንዱ ሌላውን እያሠለጠነ ነው።

እዚህ ላይ የምርምሩ ዕውቀት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አስቸጋሪ ባህሪ ብዙ ጊዜ የመግባቢያ መንገድ መሆኑን፣ ልጁ ያንኑ ፍላጎት በሌላ መንገድ እንዲገልጽ ሲማር ባህሪው እንደሚቀንስ አሳዩ። በምሳሌያችን ያለው ልጅ «እረፍት» የሚል ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን ባሳየ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ያርፋል፤ ጩኸት ግን ከንባብ አያስወጣም። በመጀመሪያ ካርዱ ሁልጊዜ ይከበርለታል፤ ኋላ አንድ መስመር ካነበበ በኋላ፣ ከዚያ ሁለት መስመር ካነበበ በኋላ እያለ ይቀጥላል። ጩኸት እንደማያዋጣው ሲያይ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሱን ሊጮኽ ይችላል። ይህ በመስኩ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። ብዙ መምህር «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚሁ ላይ ነው። በየቀኑ የምትሞላው ግራፍ ያላት መምህር ግን መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ መቼ መውረድ እንደጀመረ ታያለች።

ባህሪው ሲረግብ ዋናው ጥያቄ ይቀራል። ልጁ ማንበብ ለምን ይህን ያህል ከበደው? በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ይረዳል። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው አሉ፦ ፊደሉን ወደ ድምፅ የመለወጥ ችሎታና ቋንቋውን ሲነገር የመረዳት ችሎታ። ድምር ሳይሆን ብዜት ማለታቸውን ልብ ይሏል። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዜሮ ነው። ፊደል ከድምፅ ማገናኘት የሚቸግረው፣ ሲነገረው ግን ሁሉን የሚረዳ ልጅ አለ። እንደ ዜና አንባቢ አቀላጥፎ እያነበበ ያነበበውን የማይረዳም አለ። ሁለቱም «ማንበብ አይችልም» ተብለው ወደ አንድ የማጠናከሪያ ክፍል ቢላኩ፣ ቢያንስ አንደኛው የማያስፈልገውን መድኃኒት እየወሰደ ነው።

## «በማስረጃ የተደገፈ» የሚባለው ነገር ምን ማለት ነው?

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ተስፋ የቆረጡ ወላጆችና ደግ መምህራን የሚገናኙበት መስክ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ተስፋ የሚሸጥ ዘዴ በቀላሉ ገበያ ያገኛል። ለዚህ ትልቁ ማስጠንቀቂያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ነው። መናገር የማይችሉ፣ ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አንድ ረዳት እጃቸውን ወይም ክንዳቸውን ደግፎ ሲይዝላቸው በታይፕ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ ተባለ። ወላጆች ልጃቸው «እወድሻለሁ» ብሎ ሲጽፍ አዩ። ትምህርት ቤቶች ዘዴውን ተቀበሉት።

ከዚያ ተመራማሪዎች በጣም ቀላል ፈተና አመጡ። ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለረዳቱ ሌላ ሥዕል ያሳያሉ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ከዚያ «ምን አየህ?» ይባላል። ልጁ ቁልፍ ዓይቶ ረዳቱ ጽዋ ካየ፣ የሚጻፈው «ጽዋ» ነው። በተደጋጋሚ በተካሄዱ ፈተናዎች የተገኘው ይኸው ነበር። ረዳቶቹ አታላይ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ እጃቸው እየመራ መሆኑን ፈጽሞ አያውቁም ነበር። እስከዚያ ግን በዚሁ ዘዴ በተጻፈ ቃል ብቻ ወላጆች በልጃቸው ላይ ጥቃት ፈጽማችኋል ተብለው ተከስሰዋል።

የማስተርስ ተማሪ ይህን ታሪክ የሚማረው ሊሳለቅ አይደለም። ደግነትም ልምድም እንዲህ ካለ ስህተት እንደማያድኑ ይህን ያህል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ስለሌለ ነው።

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስረጃ የሚሰበሰብበት መንገድም ከሌላው ይለያል። በሺህ የሚቆጠሩ ተሳታፊዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ማነጻጸር ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ማየትም መስማትም የተሳናቸው ልጆች በአንድ አካባቢ ስንት ይገኛሉ? ስለዚህ መስኩ በአንድ ወይም በጥቂት ልጆች ላይ የሚካሄድ፣ ልጁን ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር የጥናት ዘዴ አዳብሯል። መጀመሪያ ምንም ሳይለወጥ የልጁ ሁኔታ ለተወሰኑ ቀናት ይለካል፤ ይህ መነሻ ልኬት ይባላል። ከዚያ አዲሱ ዘዴ ይጀመራል፤ ልኬቱ ይቀጥላል። ጊዜ ነው ወይስ ዘዴው የሚለውን ለመለየት፣ ዘዴው ለሦስት ልጆች በተለያየ ሳምንት ይጀመራል። የእያንዳንዱ ልጅ ግራፍ የተለወጠው የእሱ ተራ ሲደርስ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ የወቅት መለወጥ ነው ማለት ይከብዳል። ለሚያስተምር ሰው ይህ ዘዴ ትልቅ ዕድል ነው፤ ስምንት ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ቁም ነገር ያለው ጥናት መሥራት ይቻላል ማለት ነውና።

## በገዛ ተማሪዎቼ ላይ ጥናት መሥራት እችላለሁ?

በአብዛኛው ይቻላል፤ ግን ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። መምህር ለማስተማሩ ሥራ ሲል የልጁን እድገት መለካቱና መመዝገቡ የዕለት ሥራው ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። ያንኑ መዝገብ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠቀምበት ግን ሥራው ጥናት ይሆናል፤ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ መፍቀድ አለበት። ፈቃዱ የሚገኘው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በትጋት የተሰበሰበ መረጃ «ፈቃዱ የመጣው ከመረጃው በኋላ ነው» ተብሎ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

የወላጅ ፈቃድም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ልጃቸው በእሷ እጅ ያለ ወላጆች መምህሯ ራሷ ቅጹን ይዛ ስትመጣ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፤ ልጃችን ይጎዳብን ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ሌላ ሰው እንዲጠይቅ፣ ማን ፈቀደ ማን አልፈቀደ የሚለውን መምህሯ ውጤት እስክትሰጥ ድረስ እንዳታውቅ ይጠይቃሉ። ልጁም ራሱ ይጠየቃል። ባይናገርም እንኳ ፊቱን ማዞሩ፣ ዕቃውን መግፋቱ፣ ከወንበሩ መነሳቱ እምቢታ ተብሎ መቆጠር አለበት። በተቋም ተሰብስበው ይኖሩ በነበሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ላይ ባለፈው ክፍለ ዘመን አሳፋሪ የሕክምና ሙከራዎች ተካሂደዋል፤ የዛሬው ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ስም መደበቅም ብቻውን አይበቃም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ በዊልቸር የምትሄድ፣ በብሬይል የምታነብ አንዲት ልጅ ብቻ ካለች፣ «ተማሪ ሀ» ብሎ መጻፍ ማንነቷን አይሰውርም። ዕድሜን፣ ጾታን፣ የጉዳቱን ዓይነት አጠቃልሎ መጻፍ፣ አንዳንዴም ጥሩ ሆኖ የተገኘን ዝርዝር መተው ያስፈልጋል።

## በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል?

ማስታወቂያዎቹ «ለሥራ ሰዎች የተመቸ» ከማለት አልፈው አይናገሩም፤ ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም። በአውሮፓ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ተብሎ ይሰላል። 60 ክሬዲት የሚይዝ ሥልጠና እንግዲህ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ነው። በሁለት ዓመት ለመጨረስ፣ አንድም ሳምንት ሳይዘለል፣ በሳምንት ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይጠይቃል። በብሪታንያ ሙሉ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት በ10 ሰዓት ይታሰባል፤ በሦስት ዓመት ሲከፈል በሳምንት ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። የእረፍት ሳምንታትና የፈተና ወቅት ከተቀነሱ በተቀሩት ሳምንታት ላይ ጫናው ይጨምራል።

ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ለዋለ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ጫናውን በእውነት የሚያቀለው የፕሮግራሙ አሠራር ነው፤ አሳይንመንቱ መምህሩ በማንኛውም ሁኔታ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይገጥማል ወይ? የምዘና ኮርስ ተማሪው ለክፍሉ ልጅ የሚያዘጋጀውን ዕቅድ እንደ ቤት ሥራ ከተቀበለ፣ አንዱ ሥራ ለሁለት ቦታ ይውላል። ስለ ሌላ ክፍል የተጻፈ ምናባዊ ታሪክ ተንትን የሚል ኮርስ ግን የእንቅልፍ ሰዓት ይበላል።

ተግባራዊ ልምምድ ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። አንዳንድ ፕሮግራሞች መምህሩ በገዛ ክፍሉ ልምምዱን እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ወይም በቪዲዮ ያየዋል። ሌሎች በሌላ የዕድሜ ክልል ወይም በሌላ የጉዳት ዓይነት ላይ እንዲለማመድ ያስገድዳሉ። ሁለተኛው መምህሩን ያሰፋዋል፤ ግን ለሳምንታት ከሥራ መቅረት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ካልሰጠ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል።

ኦንላይን ወይስ በአካል ለሚለው መልሱ በሚጠናው ነገር ላይ ይመሠረታል። ሕግ፣ ምዘና፣ የጥናት ዘዴ በኦንላይን ደህና ይሄዳሉ። የምልክት ቋንቋ ግን ከመስማት የተሳናቸው ሰዎች ጋር ሳይውሉ አይለመድም፤ ማየት ለተሳነው ልጅ በበትር መንቀሳቀስን ማስተማርም በስክሪን ብቻ የሚሆን አይደለም።

## ቴሲስ ልጻፍ ወይስ ፕሮጀክት?

ወደ ዶክትሬት ለመቀጠል የሚያስብ ቴሲስ (የመመረቂያ የጥናት ጽሑፍ) ቢጽፍ ይሻለዋል፤ ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ይጠይቁታል። በክፍል ለመቆየት የሚፈልግን ሰው ግን ፕሮጀክት የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ፕሮጀክት ሲባል ለትምህርት ቤቱ የንባብ ድጋፍ ሥርዓት መዘርጋትና ውጤቱን መለካት፣ ለረዳት መምህራን ሥልጠና ማዘጋጀትና ክፍል ውስጥ መተግበሩን መከታተል፣ የመሳሰለው ነው። ቴሲስ ያዘገያል። የሚያዘገየውም ጽሑፉ ራሱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ርዕስ መለዋወጥ፣ ፈቃድ መጠበቅና አማካሪ ማጣት ነው።

ዲግሪው በመጣ ማግስት ከክፍል መውጣት ይከተላል የሚል ሥጋትም አለ፤ መሠረት የለውም አይባልም። አስተባባሪነት፣ የምዘና ሥራ፣ የመምህራን አሠልጣኝነት፣ የዲስትሪክት አማካሪነት የሚቀርቡለት ሰው አንዳንዴ ልጅ ሳያይ ይውላል። ትምህርት ቤቶች ከልጆቹ ፊት ሳያነሱት ለባልደረቦቹ እንዲተርፍ፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለማማከር ነጻ እያወጡት፣ ሊያቆዩት ይችላሉ። ይህን ግን ከምረቃ በኋላ ሳይሆን ገና ሲመዘገብ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መነጋገር ያዋጣል።

## ከመመዝገቤ በፊት ማንን ምን ልጠይቅ?

ለፈቃድ ሰጪው አካል፦ ይህ ፕሮግራም፣ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ እኔ በምሠራበት ቦታ ለየትኛው ፈቃድ ያበቃል? መልሱ ከዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ቢሮ ሳይሆን ከፈቃድ ሰጪው፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ፦ እየሠሩ ከሚማሩት ውስጥ ስንቱ ይጨርሳሉ፣ በስንት ዓመት? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዲግሪው የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ጊዜው ያለፈበት ኮርስ እንደገና መወሰድ ሊኖርበት ይችላል። የታመመ፣ የወለደች ወይም ቤተሰብ የሚያስታምም ተማሪ ምዝገባውን ማቆየት ይችል እንደሆነ፣ ክፍያውስ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይገባል። የአማካሪውን ስም ማወቅም አይከፋም፤ በአማካሪነት የተመደበው ሰው በክፍል ውስጥ ሰርቶ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ቴሲሱ ላይ በቶሎ ይታያል።

ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ትምህርት ቤቱ ለልምምድ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል? በክፍሉ ውስጥ ቪዲዮ መቅረጽ ይፈቅዳል? ትምህርት ቤቱ ክፍያውን ከሸፈነስ፣ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት እንዲያገለግል ያስገድዳል፤ ቀድሞ ቢለቅ ምን ያህል ይመልሳል? ርዕሰ መምህር ይቀየራል። የቀድሞው «ችግር የለም» ብሎ የተናገረው ነገር ለተተኪው አይታወቅም። ስለዚህ ስምምነቱ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት በደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ አንዱ ቅጂ በመምህሩ እጅ ይቀመጣል።